ዲትሮይትን ማን ጣላት? ክርክሩ እንደወረደ

አስተናባሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሁድ ሳንጨርሰው ያደርነውን ርዕስ ዛሬ እንቀጥል። ላልነበራችሁ፣ የሂሳብ ሰው "ጂኤምንና ክራይስለርን በ2009 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ያበቃቸው የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው" አለ። ግማሹ ግሩፕ ተንጫጫ። ጂኤም፣ ክራይስለርና ፎርድ ዲትሮይትና አካባቢዋ ያሉት ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ መኪና ኩባንያዎች ናቸው። ማኅበሩ ሲባል የአሜሪካ መኪና ፋብሪካ ሠራተኞችን የያዘው ዩኤደብሊው ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የለም። የድምፅ መልእክት ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳትልኩ፣ በተለይ አንተ ሶማሌ ተራ።

የሂሳብ ሰው፦
ያልኩትን አላጥፍም። ቁጥሩን ላስቀምጥና ፍረዱ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጂኤም ለ1.1 ሚሊዮን ሰው የሕክምና ወጪ ይሸፍን ነበር። አብዛኛው ሰው ፋብሪካው በር ላይ አይደርስም። ጡረተኛ ነው፣ የጡረተኛ ሚስት ናት፣ ልጅ ነው። ወጪው ለአንድ መኪና ሲካፈል 1,500 ዶላር ገደማ ይመጣል። መኪናዋ ገና ከፋብሪካ ሳትወጣ ዕዳ ተሸክማለች ማለት ነው። ኬንታኪ ውስጥ በ1988 ሥራ የጀመረው የቶዮታ ፋብሪካ ይሄ ሸክም አልነበረበትም። ሠራተኛው ወጣት ነበር፤ ጡረታ የወጣው ጥቂት ነው።

"የሥራ ባንክ" የሚባለውንስ ሰምታችኋል? ጂኤምና ማኅበሩ በ1984 በተፈራረሙት ውል የመጣ ነው። ሥራ ሲጠፋ ሠራተኛው አይባረርም። አንድ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። ካርታ ይጫወታል፣ ቲቪ ያያል፣ ጋዜጣ ያነባል። ደመወዙን 95 በመቶ ያህል ያገኛል። በ2005 አካባቢ በዚህ ሁኔታ ላይ የነበሩት ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። መርካቶ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ሱቅ የሚያቆም ነጋዴ ካለ ንገሩኝ።

ሶማሌ ተራ፦
እኔ ስለ ደመወዝ አላውቅም። የማውቀው ኮፋኖ ከፍቼ ያየሁትን ነው። ኮሮላ ሲመጣልኝ መብራት ቢጠፋ እንኳ እጄ ብሎኑን ያገኘዋል። ዕቃው ደግሞ ሰፈራችን ሞልቷል። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ሲመጣ ግን ቁልፉ በኢንች ነው፤ የኔ ቁልፎች በሚሊሜትር። አንድ ዲያስፖራ ስምንት ሲሊንደር ይዞ መጣ። በአንዲት የውሃ ፓምፕ ምክንያት ግቢዬ ውስጥ ሦስት ወር ቆመ። ዶሮዎቼ ሥሩ እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር። ታዲያ ጥያቄዬ ይሄ ነው። መኪናውን እንደዚያ ነዳጅ ጠጪ አድርጎ የነደፈው ማነው? ብሎን የሚያጠብቀው ሰውዬ ነው?

የሂሳብ ሰው፦
ንድፉማ የአለቆቹ ነው። ለጥሩ ንድፍ የሚሆነው ገንዘብ ግን ጡረታ ውስጥ ገብቶ አለቀ።

ጋሽ ታክሲ፦
ልጆቼ፣ ትንሽ ታገሡኝ። ዋሽንግተን የገባሁት በ1979 ክረምት ነው። ኢራን ታውካ ነዳጅ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ታርጋዬ በጎዶሎ ቁጥር ስለሚያልቅ የምቀዳው በጎዶሎ ቀን ብቻ ነው። ያኔ የገዛኋት አሜሪካ ሠራሽ መኪና ሳሎን ታህላለች፤ የፋብሪካውን ስም ልተወው። የኋላ በሯ አይገጥምም። ዝናብ ሲዘንብ ወለሏ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ጠዋት ጠዋት በኩባያ እየቀዳሁ እደፋ ነበር። ጎረቤቴ ትንሽ የጃፓን መኪና ነበረችው። እኔ ሁለቴ ስሰለፍ እሱ አንዴ ይሰለፋል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሆነው የሥራ ባንክ የምትሉት ነገር ከመፈጠሩ አምስት ዓመት በፊት ነው።

ማኅበሩ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ታሪኩን ከመሐል አትጀምሩት። በ1936 መጨረሻ ፍሊንት ከተማ የጂኤም ሠራተኞች ማሽናቸው አጠገብ ተቀመጡ። አንወጣም አሉ። በ44ኛው ቀን ኩባንያው ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ዋልተር ሩተር የሚባል የማኅበሩ መሪ ተነሣ። በ1945 ጂኤምን "ደመወዝ 30 በመቶ ጨምሩ፣ የመኪናውን ዋጋ ግን አትንኩ። አንችልም ካላችሁ መዝገባችሁን ክፈቱና እንየው" አለ። ለ113 ቀን አድማ ተመታ። ደመወዝ ተጨመረ፤ ከጠየቁት ያነሰ ቢሆንም ተጨመረ። መዝገቡ ግን አልተከፈተም።

ለኔ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያች መዝገብ ላይ ነው። በ1950 የአምስት ዓመት ውል ተፈረመ። ጡረታ ተሰጠ፣ ሕክምና ተሰጠ፣ ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ ተስማሙ። ምን ዓይነት መኪና ይሠራ፣ በስንት ይሸጥ፣ ፋብሪካ የት ይከፈት የሚለው ግን የአለቆቹ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። አለቆቹ መሪውን ያዙ፤ ማኅበሩ የኋላ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ተኛ። መኪናው ሲገለበጥ ታዲያ የተኛውን "አንተ ነህ የገለበጥከው" ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ሩተር እኮ የመንግሥት የጤና መድን ይቋቋም እያለ ሲሟገት ነው በ1970 የሞተው። ቢሰሙት ኖሮ ያ 1,500 ዶላር መኪናዋ ጀርባ ላይ ባልተጫነ ነበር።

የሂሳብ ሰው፦
ጋሼ፣ እርስዎን መቃወም ይከብደኛል። ግን ማኅበሩ ገደሉን ሳያይ ቀርቶ አይደለም፤ እያየውም ሳሩን አልተወም። የነዳጅ ቁጠባ ሕጉ ይጥበቅ ሲባል ከአለቆቹ ጎን ተሰልፎ የተከራከረው ማነው? ትልልቆቹ መኪኖች ኦቨርታይም ያመጡ ነበራ። የሥራ ክፍፍሉንም እዩት። ማሽን ቢቆም ሠራተኛው ቢያውቅበትም አይነካውም። ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። እሱ መጥቶ "ይሄ የቧንቧ ነው" ካለ ሌላ ሰው ይጠራል። ሁለት የማኅበሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችም የማኅበሩን ገንዘብ በመብላት ተፈርዶባቸው ታስረዋል፤ ጋሪ ጆንስና ዴኒስ ዊሊያምስ። ያ ገንዘብ የድሀው ሠራተኛ መዋጮ ነበር።

ፍሪሞንት፦
ቤቴ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት ነው። ዛሬ ቴስላ ያለበት ፋብሪካ በፊት የጂኤም ነበር። በ1982 ተዘጋ። ሠራተኛው ስሙ የከፋ ነበር። ሥራ ላይ ይጠጣል። ከአምስት አንዱ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። በ1984 ቶዮታና ጂኤም አብረው ከፈቱት። ማንን ቀጠሩ? አብዛኛውን እነዚያኑ ሰዎች። ማኅበሩም ያው ዩኤደብሊው ነው። የተወሰኑትን ጃፓን ወስደው የቶዮታን አሠራር አሳዩአቸው። ከመስመሩ በላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፣ ረዳት ይመጣል፣ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል። ድሮ መስመር ማቆም የሚያስባርር ነገር ነበር፤ መኪናው ጎዶሎም ቢሆን ይለፍ ነው የሚባለው። ብዙ ሳይቆይ ከሥራ የሚቀረው ሰው ቁጥር እጅግ ወረደ። መኪናውም ከጃፓኑ ጋር የሚወዳደር ሆነ። በኋላ ኮሮላም እዚያ ተሠርታለች።

ሶማሌ ተራ፦
ቆይ፣ ቆይ። ኮሮላ? በማኅበርተኛ እጅ?

ፍሪሞንት፦
አዎ ወንድሜ። ምናልባት አንዷን ፈትተህ ገጥመሃታል።

የሂሳብ ሰው፦
ፍሪሞንት፣ ግማሹን ዘለልከው። ውሉም ተቀይሯል። በደርዘን የሚቆጠሩ የሥራ መደቦች ተጨፍልቀው ጥቂት ብቻ ቀሩ። ማኅበሩ እሺ ያለው ፋብሪካው ተዘግቶ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ካልሞተ አይነቃም።

ፍሪሞንት፦
እሺ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ጂኤም በገዛ ግቢው የታየውን ነገር ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ዓመታት ፈጀበት። እሱንም ማኅበሩ ነው የከለከለው? አንዳንድ ቦታ ሠራተኛው ተቃውሟል፤ ብዙ ቦታ ግን ፎርማኑና ሥራ አስኪያጁ ናቸው ገመዱን የፈሩት። በ2009 ጂኤም ሲከስር ከሽርክናው ወጣ። ፋብሪካው በ2010 ተዘጋ።

ፍራንክፈርት፦
ከጀርመን ልጨምር። እዚህ ማኅበሩ ከአሜሪካኑ ይበረታል። በ1976ቱ ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ከተቆጣጣሪ ቦርዱ ወንበር ግማሹን ለሠራተኛ ወኪሎች ይሰጣል። እኩል ድምፅ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ስለሚወስን አለቆቹ ትንሽ ይበልጣሉ። ግን መዝገቡ ክፍት ነው። ጋሼ የተቆጩባት መዝገብ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ኖሮ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው ለአሥርት ዓመታት ዓለምን ዞረዋል። ማኅበር ብቻውን ኩባንያ የሚገድል ቢሆን የቮልስዋገን ከተማ ቮልፍስቡርግ ዛሬ የድንች እርሻ ነበረች።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። የቦኹሙ የኦፔል ፋብሪካ በ2014 ተዘግቷል። ቮልስዋገንም በ2024 የገና ሰሞን እስከ 2030 ከ35 ሺህ በላይ የሥራ ቦታ ለመቀነስ ከማኅበሩ ጋር ተስማምቷል። የግዳጅ ስንብት ግን የለበትም።

አንድ አስቂኝ ነገር ላንሣ። በ1960ዎቹ ጀርመንና ፈረንሳይ የአሜሪካን ዶሮ በቀረጥ ከለከሉ። አሜሪካ ደግሞ በአጸፋው በ1964 ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ዶሮው ተረሳ፤ ቀረጡ ቀረ። ዲትሮይት ፒክአፕ ላይ ተወዳዳሪ ስላልነበራት ትርፏን ሁሉ ከዚያ መልቀም ለመደች። ትናንሽ መኪኖችን ቸል አለቻቸው። በ2008 ነዳጅ በጋሎን ከ4 ዶላር ሲያልፍ ፒክአፑ ሁሉ ሻጭ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ጋሽ ታክሲ፦
የሂሳብ ሰው፣ ፎርድን አንድ በለኝ። ያው ማኅበር፣ ያው ከተማ። ፎርድ በ2009 ፍርድ ቤት አልሄደም። ለምን? በ2006 ዓርማው ሳይቀር ንብረቱን አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለተበደረ ነው። ሌሎቹ ገንዘቡ ሲደርቅ ባዶ እጃቸውን ተገኙ። ደግሞ በኅዳር 2008 ሦስቱም አለቆች ዋሽንግተን ዕርዳታ ሊለምኑ በየግል አውሮፕላናቸው ነበር የመጡት። ያን ቀን ታክሲዬ ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ተሳፋሪዬ በሳቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ወር በመኪና መጡ።

የሂሳብ ሰው፦
ፎርድ ላይ መልስ የለኝም ማለት አይደለም። ዕዳው በጊዜ ስለመጣለት ዕድል ረድቶታል። ግን እሺ፣ "ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው" ያልኩትን አነሣለሁ። ያኔ ቲቪ ላይ "ሠራተኛው በሰዓት 70 ዶላር ያገኛል" ይባል የነበረውንም እኔ ራሴ ደግሜዋለሁ፤ ልክ አልነበረም። ሠራተኛው እጅ የሚገባው 28 ዶላር አካባቢ ነው። ቀሪው ጥቅማ ጥቅምና የጡረተኛው ወጪ በሥራ ሰዓት ተካፍሎ ነው። የሥራ ባንኩን ግን አልለቅም። እሱ ነውር ነው።

ባለ ብሎኗ፦
ከጠዋት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። እናንተ ስለ ማኅበር ትከራከራላችሁ፤ እኔ ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ በር እገጥማለሁ። የአሜሪካ ደቡብ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። አንድ መኪና ፊቴ የሚቆየው አንድ ደቂቃ አይሞላም። አራት ብሎን፣ አንድ ሽቦ፣ በጣት መታ አድርጎ ማረጋገጥ፣ ቀጣይ። ሽንት ቤት ለመሄድ ተተኪ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ማታ እቤት ጀበና ስይዝ አውራ ጣቴ አይታጠፍም። ቋሚ የሆንኩት በኤጀንሲ ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው።

በ2023 ዲትሮይት ስድስት ሳምንት አድማ መታች። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ 25 በመቶ ጭማሪ አገኙ። ከዚያ ቶዮታም፣ ሆንዳም፣ ሃዩንዳይም ማኅበር ለሌላቸው ሠራተኞቻቸው ጨመሩ። እኛም ጋ ተጨመረ። ስብሰባ ላይ አለቃው "ስለምንወዳችሁ ነው" አለን። ከኋላዬ የነበረው አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ አስነጠሰ። ሁላችንም ሳቅን።

የሂሳብ ሰው፦
እህቴ፣ ታዲያ አንቺ ጋ ድምፅ ይሰጥ ቢባል ማኅበሩን ትመርጪያለሽ? ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ ያሉት የቮልስዋገን ሠራተኞች በሚያዝያ 2024 አዎ ብለዋል። አላባማ ያሉት የመርሴዲስ ሠራተኞች ከወር በኋላ አይሆንም ብለዋል።

ባለ ብሎኗ፦
ማኅበሩን እፈልጋለሁ ተብሎ የሚፈረመውን ካርድ ሁለቴ አምጥተውልኛል። አልፈረምኩም። የፈራሁት ፋብሪካው ይዘጋል ብዬ አይደለም፤ መዋጮውም አያስጨንቀኝም። በ2007ቱ ውል ዲትሮይት ላይ ምን እንደተፈረመ ስላነበብኩ ነው። ነባሩ 28 ዶላር እያገኘ አዲስ ገቢው በ14 ዶላር አካባቢ እንዲጀምር ማኅበሩ ራሱ ተስማማ። አንድ መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ያንኑ ብሎን እያጠበቁ። በ2023 ያንን ልዩነት ብዙውን አስቀርተውታል፤ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ። እኔ ዛሬ ነባር ነኝ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ግን የኤጀንሲ ናት፤ ኤርትራዊት ናት፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ካርዱን ያመጣውን ሰውዬ "እሷስ ውሉ ላይ የት ጋ ናት?" አልኩት። ጠይቄ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ጋሽ ታክሲ፦
መጣ?

ባለ ብሎኗ፦
ገና ነው ጋሼ። ሐሙስ ፈረቃችን ይገናኛል። በሉ ደወሉ ተደወለ፣ ስልክ ሎከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው።