የሎው ስኩል ኦፕን ሀውስ ልሄድ ነው፣ ምን ልዘጋጅ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባችለሬን ጨርሻለሁ፤ ቀን ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ዲሲ ውስጥ አንድ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ኦፕን ሀውስ፣ ማለትም የጉብኝት ቀን፣ አለው፣ ተመዝግቤያለሁ። ከቤተሰባችን ሕግ የተማረ ሰው የለም። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልጠይቅ? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

—

እህቴ፣ መመዝገብሽ ራሱ ደስ ብሎኛል። ልብሱ አያስጨንቅሽ፤ ለሥራ የምትለብሽው ይበቃል። ይዘሽ የምትሄጂው ጥያቄ ነው። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ብዙ ስለከፈልኩበት ላጫውትሽ።

እኔ የሄድኩበት ቀን አዳራሹ ያምራል፣ ምሳው ጥሩ ነው፣ ሁሉም በፈገግታ ያናግረኛል። ልቤ እዚያው ቀረ። በኋላ ስኮላርሺፕ ሲሰጡኝ እናቴ እልል አለች። ደብዳቤው ላይ ግን አንድ መስመር ነበረች፤ ውጤቴ ከተባለው ነጥብ ከወረደ ገንዘቡ ይቆማል ትላለች። ኮሌጅ ጎበዝ ስለነበርኩ አላሳሰበችኝም። ሎው ስኩል አንደኛ ዓመት ላይ ውጤት የሚሰጠው በከርቭ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ክፍሉ በሙሉ ቢያጠናም፣ ከታች የሚቀመጥ ሰው የግድ አለ። ለጥቂት ነጥብ ስኮላርሺፑን አጣሁ። የቀሩትን ሁለት ዓመታት በብድር ጨረስኩ፤ ዛሬም እየከፈልኩ ነው።

የሚያንገበግበኝ፣ መረጃው አለመደበቁ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጠው ሎው ስኩል ሁሉ «ስታንዳርድ 509» የሚባል ሪፖርት በየዓመቱ ድረ ገጹ ላይ ማውጣት አለበት። እንደኔ ያለ ቅድመ ሁኔታ ያለው ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስንት ተማሪ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀ እዚያ ተጽፏል። የክፍያው መጠን፣ የገቡት ልጆች የኤልሳት (የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና) ውጤትም አለ። ባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ያለፉትና ሥራ ያገኙት ቁጥርም ለብቻው ይወጣል። ዓርብ ማታ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው። ከዚያ ቅዳሜ ቁጥሩን ጠቅሰሽ ጠይቂ። «ስኮላርሺፕ ትሰጣላችሁ?» ካልሽ «አዎ» ብለው ያልፉሻል። «አምና ይህን ያህል ተማሪ ስኮላርሺፑን አጥቷል፣ ነጥቡ ስንት ነበር?» ካልሽ ግን ቁጭ ብለው ያስረዱሻል።

ሥራሽን ካልለቀቅሽ የማታውን ፕሮግራም ጠይቂ። ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውንም ዩዲሲም (የዲሲ ዩኒቨርሲቲ) የማታ አላቸው። በሙሉ ጊዜ 3 ዓመት የሚፈጀው በማታ አብዛኛውን ጊዜ 4 ይሆናል። ክሊኒክ፣ ማለትም ተማሪው እውነተኛ ባለጉዳይ የሚረዳበት ትምህርት፣ ለማታ ተማሪ በምን ሰዓት እንደሚሰጥ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ። ፍርድ ቤት የሚሠራው ቀን ነው፤ አንቺም ቀን ሥራ ላይ ነሽ።

ብድሩም ተቀይሯል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የፌዴራል ብድር ቀርቷል። ለሕግ ተማሪ የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። ክፍያና የቤት ኪራይ ተደምሮ ከዚያ ካለፈ ትርፉን በምን እንደምትሸፍኚ የፋይናንስ ኤይድ ሰው ፊት ለፊት ያስረዳሽ።

ግቢውን የሚያስጎበኙሽን ተማሪዎች ደግሞ ጠጋ በያቸው። ኃላፊዎቹ የማይነግሩሽን እነሱ መንገድ ላይ ይነግሩሻል። ሀበሻ ካየሽ ሳታፍሪ ሰላም በይ።

—

እኔም ልጨምር። አገር ቤት ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ጄዲ (የአሜሪካው ዋና የሕግ ዲግሪ) ብላችሁ 3 ዓመት ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ጠይቁ። ለምሳሌ ኒውዮርክ፣ በኢትዮጵያ ሕግ የተመረቀ ሰው ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ኤልኤልኤም ከጨረሰ ባር እንዲፈተን ይፈቅዳል። ኦፕን ሀውሱ ላይ «ፕሮግራማችሁ የኒውዮርክን መስፈርት ያሟላል?» በሉ። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ፈተና ቦርዱ መላክ ስላለበት፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ከአሁኑ ይሩጥላችሁ።