ስኳር ላለባቸው አባቴ ሥጋ በዘንግ እየጠበስኩ ነው፤ ለምን ይደርቅብኛል?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ባለፈው ወር ሐኪማቸው እንጀራና ዳቦ በደንብ ቀንሱ አሏቸው። ጎመንና ሰላጣ ብቻ ሳቀርብላቸው ሁለት ጊዜ ጎረስ አድርገው ይተዉታል፤ እየከሱብኝ ነው። የከሰል ጥብስ ግን ነፍሳቸው ነው። ስለዚህ ከጾም ውጪ ባሉት ቀናት ሥጋ በቅመም ዘፍዝፌ፣ እንጨት ላይ ሰክቼ ልጠብስላቸው አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ኪሎ ሥጋ ገዛሁ። አንድ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት በ3 ሎሚ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ማርና በካቻፕ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። እሑድ ስጠብሰው ላዩ ከሰል መሰለ፣ ውስጡ ጥሬ፤ ሲታኘክ ደግሞ እንደ ጎማ ይጎተታል። የቀርከሃ እንጨቶቹም ነደዱ። አባቴ ምንም ሳይሉ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ፤ ያ በጣም ከበደኝ። ሥጋው ምን ሆኖ ነው? ማሩን በምን ልተካው? በእንጨቱ ፋንታ የአጥር ሽቦ ቆርጬ ብጠቀምስ?

መልስ፣ ከሰበታ

እህቴ፣ ልኳንዳ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቅመሙን ለጊዜው ተይውና ከሥጋው እንጀምር። በሬው ሌሊት ይታረዳል፣ ጠዋት ይሰቀላል፣ አንቺም የዚያኑ ዕለት ትገዢያለሽ። ለጥሬ ሥጋ የሚፈለገው ይኸው ነው። ለጥብስ ግን ችግር አለው። ከብቱ ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይገትራል፤ መልሶ እስኪላላ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። አንቺ የጠበስሽው በተገተረበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ ሌሊቱን ሎሚ ሲበላው አደረ።

ሐሙስ ግዢና ሳትቆራርጪ፣ ሳታጥቢ፣ ሳህን ላይ አድርገሽ በስሱ ሸፍነሽ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ቅዳሜ አሳርፊው። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም፣ ከታች በኩል፤ ቅዝቃዜው ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት አብስዪው።

ስትገዢ ሽንጥ ወይም ዳቢት በዪ። ጭቅና ከሁሉ ይለሰልሳል፣ ዋጋው ግን ለየሳምንቱ አይሆንም። ፍሪምባ ለቅቅል ነው፣ እሳት ላይ በ10 ደቂቃ አይበገርም። ስትቆርጪ የሥጋውን ክር አቋርጠሽ ቁረጪ። እኔ ሲደርቅብኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቢላው ላይ ነበር።

መልስ፣ ከለገጣፎ

የኔ እህት፣ ማሩንና ካቻፑን ተያቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ አንቺ 2 ጨምረሻል፣ ካቻፕም ስኳር አለበት። ሐኪሙ ከእንጀራው ያስቀነሳቸውን በመዘፍዘፊያው መለስሽላቸው ማለት ነው። ላዩ የጠቆረውም በዚሁ ነው፤ ስኳር ሥጋው ሳይበስል ቀድሞ ይቃጠላል።

እኔ ቤት ለ1 ኪሎ እንዲህ ነው፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ 2 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ተከትፎ የደቀቀ የጥብስ ቅጠል። ሥጋውን ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ በዚህ እሺውና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቀመጥ፣ ቢያድርም አይጎዳም። ሎሚው አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከመጥበስሽ ግማሽ ሰዓት ሲቀር። ሎሚ ከሌለ አንድ ማንኪያ አቼቶ ይተካዋል። የተዘጋጀ አዋዜ ከገዛሽ በጠጅ የተለወሰ እንዳይሆን ጠይቂ።

ከሰሉ እስኪቀላና ላዩ አመድ እስኪለብስ ታገሺ። ነበልባል ካለ ገና ነው። እጅሽን አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ 3 ወይም 4 ሰከንድ ከቻልሽ ደርሷል። ቁራጮቹ በጣም አይጠጋጉ፤ በየ2 ደቂቃው አገላብጪ፣ በ8 ወይም በ10 ደቂቃ ይበስላል። ትልቁን ቁራጭ ሰንጥቀሽ እዪ፤ የኮሶ ትል እንዳለ አትርሺ፣ ለታመመ ሰው ውስጡ ጥሬ አይሰጥም። ሽንኩርትና ቃሪያውን ለብቻው ዘንግ ላይ ስኪው፣ ከሥጋው ጋር እኩል አይደርስም።

መልስ፣ ከቡራዩ

እኛ የበግ ሥጋ በእርጎ ነው የምናሳድረው። ስኳር ያልገባበት የቤት እርጎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ጨው። እርጎው እንደ ሎሚ አያደርቅም፣ ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። ከመሰካትሽ በፊት አራግፊው። በየሥጋው መሐል ትንሽ ላት ጣል ካደረግሽ እየቀለጠ ያርሰዋል። ጥሬ ፓፓያም ያለሰልሳል።

መልስ፣ ከለገጣፎ

ፓፓያውን በተመለከተ፦ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳታቆዪው። አንድ ጊዜ አሳድሬው ጠዋት ሥጋው እንደ ገንፎ ልሞ ነበር፣ ዘንግ ላይ አልቆም አለ።

መልስ፣ ከአየር ጤና

ነርስ ነኝ። ስለ ምግቡ ጥሩ ተብሏል፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን መድኃኒታቸው ነው። አባትሽ ምን ይወስዳሉ?

ጠያቂ

ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላሚድ ጠዋት ይወስዳሉ።

መልስ፣ ከአየር ጤና

እንግዲያው እንጀራውን ይበልጥ ከመቀነስሽ በፊት ሐኪማቸው ጋ ሂዱ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች አይጥልም ማለት ይቻላል። ግሊቤንክላሚድ ግን ሰውየው ቢበላም ባይበላም ኢንሱሊን ያስመነጫል፤ እንጀራው ሲቀር መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ድንገት ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ለኩ። መለኪያ ከሌለ አትጠብቁ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጫቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሚ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም እንዳትሰጪ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። እየከሱ መሆናቸውንም ለሐኪሙ ንገሪው። ኩላሊታቸውም ይታይ፤ ኩላሊት ከተነካ የሥጋው መጠን ራሱ በሐኪም የሚወሰን ነው።

ከሥጋው ጋር ጎመን በአይብ፣ ቆስጣ፣ አቮካዶ፣ ጥቅል ጎመን በሎሚ አቅርቢ። ድንችና ሽሮን ግን እንደ ልብ ከሚበሉት አትቁጠሪ። በጾም ቀን እንጉዳይና ዝኩኒ በዚያው ቅመም ዘንግ ላይ ይሰካል፣ እኔ ቤት በጣም ይወደዳል።

መልስ፣ ከገላን

ብየዳ ቤት አለኝ። የአጥር ሽቦውን በፍጹም አትጠቀሚ! እንዳይዝግ ዚንክ ተለብጧል፤ ሎሚና እሳት ሲያገኘው ዚንኩ ወደ ምግቡ ይገባል። እንጨቱን መጠቀም ከፈለግሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ቶንዲኖ በ40 ሴንቲ ሜትር አስቆርጠሽ፣ በእሳት አግለው በመዶሻ ጠፍጠፍ እንዲያደርጉልሽ ነው። ክብ ከሆነ ስታገላብጪው ሥጋው ባለበት ቀርቶ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። መጀመሪያ ባዶውን እሳት ላይ አግለሽ በብረት ሽቦ ፈትገሽ እጠቢው። ደግሞ ኮንዶሚኒየም ከሆንሽ ከሰሉን ቤት ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጠያቂ፣ ከ9 ቀን በኋላ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሰኞ ሐኪም ጋ ሄድን፤ ግሊቤንክላሚዱን ቀነሱላቸው፣ ኩላሊታቸው ደህና ነው ተባለ። ሐሙስ ሽንጥ ገዝቼ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ጠበስኩት። አባቴ 2 ዘንግ ሙሉ በጎመንና በአይብ በሉ፣ ሦስተኛውንም ራሳቸው አንሥተው ለልጄ እያጎረሱ ጨረሱት። ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳራቸውን ስለካ 151 ነበር። ዛሬ ጠዋት «ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ። ዘንጎቹ ግን ከታጠቡ በኋላ ቡናማ ነገር ጀምሯቸዋል፤ ይበላሻሉ እንዴ?

መልስ፣ ከገላን

ዝገት ነው፣ አትስጊ። ፈትገሽ አጥበሽ ወዲያው እሳት ላይ አድርቂና ትኩስ እንዳሉ በዘይት ጨርቅ ጥረጊያቸው። በጋዜጣ ጠቅልለሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ።