የእሑዱ ደስታዬ ሰኞ ጠዋት የት ይገባል?

ሦስተኛው ጥሪ (ጠያቂዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የልጅ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ላይ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ የሰው ምሬት ነው። ሒሳቤ ያላግባብ ተቆረጠ የሚል፣ ለምን ቶሎ አታነሱም የሚል፣ ገና «እንደምን አደሩ» ሳልል የሚሳደብ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ልቤ ሙሉ ነው። ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» እላለሁ። ከልቤ ነው፤ አላስመስልም። ሰኞ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ግን የለም። በቃ ተነነ።

«ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እባካችሁ እሱን አትላኩልኝ። የከበደችኝ «ሁልጊዜ» የምትለዋ ቃል ናት። በቅርቡ ለአንድ ወንድም ሳወራው «እምነትሽ ጎድሎ ነው» አለኝ። ማዘኔ ሳያንስ በማዘኔ ማፈር ተጨመረልኝ።

ደስታው እስከ ቅዳሜ የዘለቀለት ሰው አለ? እውነቱን ብቻ ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ እውነቱን ካልሽ አይዘልቅም። ስሜቱን ማለቴ ነው። እኔም የእሑዱን ሙቀት ልይዝ ስሮጥ ብዙ ዓመት ደክሜአለሁ።

ነርስ ነኝ። ስለዚህ ከጥቅስ በፊት የምጠይቅሽ፦ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ትበያለሽ? ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም። ቀስቅሶ «ብላ» አለው። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር የቀረበለት። በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ደግሞ አበላው። «እምነትህ ጎድሏል» የሚል ቃል እዚያ ምዕራፍ ላይ አታገኚም። (ሐዘኑ ሳምንታት ከቆየ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ ሐኪም አማክሪ። ያ ክህደት አይደለም። ይህን የምለው በሥራዬ ስላየሁት ነው።)

ለራሴ የረዳኝ ትንሽ ነገር ነው። ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ስሄድ እጄን እታጠባለሁ፤ 20 ሰከንድ፣ ግዴታ ነው። ድሮ በዚያ ሰዓት የምቆጥረው የቀሩኝን አልጋዎች ነበር። አሁን ሳሙናው አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ትቼው የመጣሁትን ሰው ስም እጠራለሁ። «ጌታ ሆይ፣ እሳቸውን» ብቻ። ሌላ ቃል የለውም። አንድ ሌሊት ስም ጠርቼ ስጨርስ ፈገግ ማለቴን መስታወቱ ላይ አየሁ። ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል፤ ግን ፈገግ ብያለሁ። ከየት እንደመጣ እኔም አልገባኝም።

አንቺስ በሁለት ጥሪ መካከል ስንት ሰከንድ አለሽ?

ፊት ለፊት

እኔ ደግሞ ያንን «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ያለሽን ወንድም ባገኘው ደስ ባለኝ።

ጥርስ ማሳየት ክርስትና የሆነው መቼ ነው? መዝሙር 88ን አንብቢው (በሌላው አቆጣጠር 87)። ከላይ እስከ ታች ጩኸት ነው፤ ያለ አንዲት የምስጋና ቃል ያልቃል። ከመጽሐፉ ግን ማንም አላወጣውም።

ነቢዩ ዕንባቆምም ያጣውን አልደበቀም፤ አንድ በአንድ ነው የዘረዘረው። በለሱ፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ እርሻው፣ በጎቹ፣ ላሞቹ። ከዚያ በኋላ ነው «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለው። እኛ ዝርዝሩን እንዘልና «እኔ ግን» ላይ ዘለን ጉብ ማለት እንፈልጋለን። አይሆንም። እኔ ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ሬዲዮውን አጠፋና ለእግዚአብሔር የቀኑን ስሞታ ጮክ ብዬ እዘረዝርለታለሁ። ጎን የቆመ ሹፌር እብድ ሊለኝ ይችላል፤ ይበል። አንዳንድ ቀን «እኔ ግን» ጋ እደርሳለሁ። አንዳንድ ቀን ቤቴ ቀድሞ ይደርሳል።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ቋንቋ ያስተማርኩ ነኝና በአንዲት ቃል ላይ ላቁምሽ።

ኤልያስ ከዛፉ ሥር የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር? «ይበቃኛል»። ሰልችቶታል፣ በቃኝ ማለቱ ነው። አሁን ወደ ፊልጵስዩስ ሂጂ፣ ምዕራፍ 4 ቁጥር 11። ጳውሎስ እስር ላይ ሆኖ፦ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና»። በአማርኛችን ቃሉ ያው ነው። አንዱ ተስፋ ቆርጦ ይለዋል፣ አንዱ ጠግቦ። ስንት ጊዜ አነበብኩት መሰለሽ፤ ያየሁት ግን ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን «ይበቃኛል» ስል በከረምኩበት ጊዜ።

ሌላው «ተምሬአለሁ» የሚለው ነው። ተሰጠኝ አላለም። ትምህርት ደግሞ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፣ በአንድ ሰኞ አይገባም። ተማሪው ይረሳል፣ ይሳሳታል፣ ክፍል ይደግማል። እኔ ራሴ ደጋግሜአለሁ።

የእኔን ዘዴ ልንገርሽ፤ ትስቂ ይሆናል። ደስታ ሲያጥረኝ እበደራለሁ። ሮሜ 12 ላይ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ከማለቱ በፊት ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ይላል። ከባዱ እሱ ነው! ለልቅሶማ ሁላችንም ፈጣን ነን። የሰው ደስታ ግን ትንሽ ይቆረቁራል፣ በተለይ የራስ ቤት ጭር ሲል። እና ስልክ አነሳለሁ። የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ወልዳለች ሲሉኝ «ማንን መሰለ? አለቀሰ? ስንት ሰዓት ላይ?» እያልኩ እንድታወራኝ አደርጋለሁ። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ያው ነው፤ እኔ ግን ያው አይደለሁም።

ሦስተኛው ጥሪ

ሦስት ሳምንት ሞክሬ ነው የተመለስኩት። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

የሌሊት ተረኛ፣ በጥሪዎች መካከል ያለኝ 8 ሰከንድ ነው። ለአንድ ስም ይበቃል። እንቅልፍ ላልሽው ልክ ነሽ፤ ስልኬን ከአልጋዬ አራቅሁት። ፊት ለፊት፣ ማክሰኞ ዕለት ስሞታዬን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው የዘረዘርኩት። «እኔ ግን» ጋ አልደረስኩም።

አባባ፣ የእርስዎ ብድር ግን ትላንት ጉድ ሠራኝ። አንዲት እናት ደወሉ። ስሞታ ነው ብዬ ትከሻዬን ወጥሬ ጠበቅኩ። ለካ ቀደም ሲል ያመለከቱት ችግር ተስተካክሎ ያንኑ ሊነግሩኝ ነው፤ ሌላ ምንም ጉዳይ የላቸውም። እንደ ልማዴ «ሌላ የምረዳዎት?» ብዬ ልዘጋ ስል እርስዎ ትዝ አሉኝ። «ምን ተሰማዎት ታዲያ?» አልኳቸው። እሳቸውም አወሩ። የልጅ ልጃቸው እንዴት እንደጨፈረች ሲነግሩኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ ጎኔ ያለችው ልጅ ማዳመጫዋን አውልቃ አየችኝ።

ጥሪው 9 ደቂቃ ፈጀ። ሱፐርቫይዘሬ ጠራኝና ቅጹን ከፍቶ «ለምን ረዘመ?» አለኝ። «ደስ ብሏቸው ነው» አልኩት። ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገ፤ እንደዚያ የሚል ሳጥን የለም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።