ሰውን ወደ ፒፓ የሚስበው ምንድን ነው? የሰሜን ሸዋ ልጆች ክርክር

የጠባሴ ልጅ
ሰላም የአገር ልጆች። የዛሬውን ክርክር ያመጣው ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ካፌ ነው። በረንዳው ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒፓ የሚያጨሱ ልጆች መሰብሰብ ጀምረዋል። ሽማግሌዎች እንዳይመስሏችሁ። ሠላሳ ያልሞላቸው፣ ሥራ ያላቸው ልጆች ናቸው። ግማሹ ደንበኛ "ሽታው ደስ ይላል" ይላል፣ ግማሹ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ባለቤቱ ዝም ይበል ወይ ያስነሳቸው ግራ ገብቶታል።

እኔን የሚያከራክረኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሲጋራ በየኪዮስኩ በሞላበት አገር ሰው ምን ፈልጎ ነው ፒፓ የሚገዛው? በእኔ እምነት ለመታየት ነው። ሌላ ምክንያት ያለው ያሳየኝ።

አናጢው
ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኔ ልመልስ።

ሲጋራ አምስት ደቂቃ ነው። ቆመህ፣ ስልክ እያወራህ ትጨርሰዋለህ። ፒፓ እንደዚያ አይሆንልህም። መጀመሪያ ትምባሆውን በጣትህ ታፍታታዋለህ። ከዚያ ትሞላለህ፤ ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ አድርገህ። የመጀመሪያው እሳት ለማጨስ አይደለም። ትምባሆው ሲነካው ያብጣል፣ ትጠቀጥቀዋለህ፣ እንደገና ትለኩሳለህ። ከቸኮልክ ምላስህን ይለበልብሃል፣ ከዘገየህ ይጠፋብሃል። አንዴ የሞላኸው አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

በዚያች አንድ ሰዓት ማንም "ምነው፣ ምን ሆነሃል?" አይልህም። እኛ አገር ወጣት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ አሞታል። ፒፓ ከያዝክ ግን እያሰብክ ነው ይባላል። እኔን የሳበኝ ይሄ ነው።

የጠባሴ ልጅ
"እያሰብክ ነው ይባላል" አልክ። ማነው የሚለው? የሚያይህ ሰው! ለመታየት ነው ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነው።

አናጢው
ቆይ፣ አልጨረስኩም። የእንጨቱም ነገር አለ። የጥሩ ፒፓ እንጨት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የአስታ ዛፍ ሥር ነው። ያው ጣርማበር ላይ፣ ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ የምናውቀው አስታ። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም ያው ዝርያ ይበቅላል። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትልቅ ጉጥ ያወጣል። እሱን ቆፍረው አውጥተው ይቀቅሉታል፣ ለረጅም ጊዜ ያደርቁታል፣ ከዚያ ይቀርጹታል። እሳት ቶሎ አይበላውም። ሳን ክሎድ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በዚህ እንጨት ፒፓ ስሟ የታወቀ ነው። እኛ የምንማግደውን እንጨት ሰው እንደ ጌጥ ያያል። እንጨት ሠራተኛ ለሆነ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የጓሳው
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቁም! የፒፓው ክርክር አይመለከተኝም፣ የአስታው ግን ይመለከተኛል። አስታ ቢቆረጥም ቢቃጠልም መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከዚያችው ጉጥ ነው። ጉጧን ቆፍረህ ካወጣሃት ዛፉ አለቀለት። መንዝ ጓሳን አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ራሱ ግጦሹንና አጨዳውን በሚቆጣጠርበት ልማድ፣ ጠብቀው ነው ያቆዩት። የቤት ክዳን ሣሩ እንኳ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ቀን ተቆርጦለት ነበር የሚታጨደው። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አለ። አሁን አንዱ ይህን አንብቦ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ቢወጣ ተጠያቂው አንተ ነህ።

አናጢው
ማን ቆፈረ? የእኔዋን የአጎቴ ልጅ ከውጭ ነው ያመጣልኝ። ደግሞ የእኛ አገሩን አስታ ለፒፓ ሲቀርጽ ያየሁት ሰው የለም።

የጓሳው
እንዳታይም!

ሲስተር
እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው፣ ነገሩን ወደዚያ ልውሰደው። ፒፓ አጫሽ ስታናግሩት መጀመሪያ የሚላችሁ "ጭሱን አንውጠውም" ነው። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ወደ ሳንባ አይስቡትም። ግን አያስፈልጋቸውም። የፒፓ ትምባሆ ጭስ ከሲጋራው ጭስ ይልቅ በአፍ ሥጋ በኩል በቀላሉ ኒኮቲን ያስገባል። ጭሱ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ ኒኮቲኑ ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ ናቸው ዕዳውን የሚከፍሉት። ዞመሪንግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ፒፓ አጫሾች ላይ የከንፈር ካንሰር እንደሚበዛ የጻፈው በ1795 እ.ኤ.አ. ነው። ሲጋራ በማሽን መመረት ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሳንባም ቢሆን ነፃ አይደለም። አደጋው ከሲጋራው ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይሄ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂው ሕዝባችን ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ብቻ ነበር። ብዙ አገር የሚመኘው ቁጥር ነው። ሲጋራ "የዱርዬ ነው" ተብሎ የቀረበት ልጅ አሁን "የጨዋ ነው" በሚባል በር እየገባ ነው።

ፈላስፋው
ሲስተር፣ አንስታይን እኮ ዕድሜ ልኩን ፒፓ ያጨስ ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስልም ፒፓውን ይዞ 97 ዓመት ኖሯል።

ሲስተር
97 ዓመት የኖረውን ሁሉም ያውቀዋል። በ55ቱ ጉሮሮው ተቀዶ የሞተውን ማን ስሙን ይጠራል? ደግሞ አንስታይን ፒፓውን ጣል ቢያደርገው ፊዚክሱ ይጠፋው ነበር?

ዲያቆኑ
በእኛ ቤት ይሄ ክርክር እንኳ አይነሳም። አያቴ "ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው" ትለን ነበር። የሚያጨስ ሰው ቤት ውኃ አትጠጣም። አፄ ዮሐንስማ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ይቆረጥ አልልም! ግን ያ ፍርሃት ይህን አገር ከብዙ ነገር ጠብቆታል። አሁን ፍርሃቱ ሲለቅ ምን እንደሚገባ እያያችሁ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው
ዲያቆን ልጄ፣ አርዮስ የሞተው በ336 እ.ኤ.አ. ነው። ትምባሆ ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ እኛ የመጣው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የአያትህን ታሪክ ግን እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፣ አትተወው፣ ጥሩ ታሪክ ነው።

ጭስ መሳቡ ራሱ ከትምባሆ ይቀድማል። ከጣና በስተ ምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ (አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉበት ላሊበላ አይደለም)። እዚያ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበሩ የሸክላ ፒፓዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ሲመረመሩ የተገኘባቸው የካናቢስ ርዝራዥ ነው።

አሁን ለልጆቹ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ፒፓ እኛ አገር አዲስ አይደለም። በደቡብና በምዕራብ ወንዱም ሴቱም ጋያ ያጨስ ነበር፣ ዛሬም የሚያጨስ አለ። ቅል ነው፣ ውኃ አለበት፣ ከላይ የሸክላ ማንደጃ አለው። ጭሱ በውኃው አልፎ ነው የሚመጣው። አናጢው የሚለው ዝግታ አለበት። ተሰብስቦ መጨዋወት አለበት። የእጅ ጥበብም አለበት። ታዲያ እናንተ ጋያ ለምን አላማራችሁም? በረንዳ ላይ ጋያ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ለምን የለም?

እኔ መልሱን አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ። በእኔ የተማሪነት ጊዜ ፒፓ ከውጭ ተምሮ የመጣ ሰው ምልክት ነበር። ደረት ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ ፒፓ። ስናየው "ይሄ ሰውዬ ብዙ ያነበበ ነው" እንል ነበር። ያላነበበም ነበረባቸው። ሱረት በቀንድ ይዞ የሚሄደውን ባላገር ግን እንንቀው ነበር። ተክሉ አንድ ነው። የተከበረው ኮቱ ነው።

የጠባሴ ልጅ
ጋሼ፣ ይህን ያህል አስረድቼ መናገር ባልችልም እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው!

አናጢው
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው። ጋያ ያላማረኝ አይቼው ስለማላውቅ ነው ልል ፈልጌ ነበር። ግን ፒፓም ቢሆን በዓይኔ ከማየቴ በፊት በፎቶ ነው ያየሁት። ስለዚህ መታየቱ የለበትም አልልም። ግን እሱ ብቻ ቢሆን ሰው ፎቶውን ተነስቶ ያስቀምጠው ነበር። ምላስህ እየተለበለበ፣ ግማሽ ክብሪት ጨርሰህ፣ አመድ ሱሪህ ላይ እየፈሰሰ ለፎቶ ብለህ አትቀጥልም።

ሽታውንም አትርሱ። እኛ የጭስ ሕዝብ ነን። የጠላውን ጋን በጥንጁት፣ የወተቱን ዕቃ በወይራ እናጥናለን፣ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። ሲጋራ ሸሚዝህን ያገማዋል። የእኔ ትምባሆ የቫኒላ ሽታ አለው፣ እናቴ እንኳ "ይሄስ አይከፋም" ብላለች።

የሮቢት ልጅ
ሽታ ካነሳህ እኔም ልናገር። ሸዋ ሮቢት የትምባሆ ሞኖፖል እርሻ እንደነበረ ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ቤተሰቤ እዚያ ሠርቷል። ጠዋት ጤዛ ያለበትን ቅጠል ስትለቅም ኒኮቲኑ በቆዳህ ይገባል። ያስመልስሃል፣ ራስህን ያዞርሃል። ለቃሚዎቹ ሲጋራ የማያጨሱ ሴቶች ሆነው ትምባሆ ያሰክራቸው ነበር። ለእኔ የትምባሆ ሽታ ማለት የእናቴ የተጣበቀ እጅ ነው። ቫኒላው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከቅጠሉ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ስለ ወግና ስለ ዝግታ ስናወራ ትምባሆ ንግድ መሆኑን ረሳነው። ጃፓኖቹ (ጃፓን ቶባኮ የሚባለው ኩባንያ) በ2016 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ድርጅታችንን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙ ለወጋችን አስበው አይደለም። በኋላም ጨምረው አብዛኛውን ድርሻ ያዙ። ትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ ብቻ የነበረበት አገር ለእነሱ ገና ያልተነካ ገበያ ነው።

አናጢው
እነሱ ሲጋራ ነው የሚሸጡት። የፒፓ ትምባሆ እዚህ ሱቅ ሄደህ አታገኝም።

የሕግ ሰው
አታገኝም፣ ምክንያቱም የአንተ ዓይነቱ አይፈቀድም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆ መሸጥ ከልክሏል። ቫኒላው፣ ቼሪው፣ ማሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሺሻውንም የከለከለው ይኸው አዋጅ ነው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ማንኛውንም ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው። ሕጉ ሲጋራና ፒፓ ብሎ አይለይም። ሁለቱም ትምባሆ ናቸው።

ሲስተር
አናጢው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በቅንነት መልስልኝ። የሳበኝ መቀመጡ ነው ብለሃል። እንጨቱ ነው ብለሃል። እጅህ ላይ የሚሠራ ነገር መኖሩ ነው ብለሃል። ይሄ ሁሉ ያለ ትምባሆ ይገኛል። ፒፓዋን ባዶዋን ይዘህ ተቀምጠህ ታውቃለህ?

አናጢው
አውቃለሁ። ሥራ ላይ ስሆን ባዶዋን ነክሻት ነው የምውለው፣ መጋዝ ብናኝ ባለበት እሳት አይለኮስማ። እስከ ምሳ ድረስ ምንም አይመስለኝም። ከምሳ በኋላ ግን ሰው ሲያናግረኝ እነጫነጫለሁ። ትምባሆው ያለባት ቆርቆሮ የት እንዳለች ሳላይ አውቃለሁ።

ሲስተር
መቼ ነው እንደዚህ የሆንከው? ስትጀምር እንደዚያ ነበር?

አናጢው
ስጀምር አልነበረም። ስጀምር የእውነት መቀመጡ ነበር።

ሲስተር
በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ማቆም ትፈልጋለህ ብዬ አይደለም፣ አፍህን ግን ማየት እፈልጋለሁ። የማይድን ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካለ ቶሎ መታየት አለበት።

የጠባሴ ልጅ
እሺ፣ የካፌው ባለቤት መልስ እየጠበቀ ነው። የሕግ ሰው፣ በረንዳ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?

የሕግ ሰው
ውጭ ቢሆንም አያድነውም። ከበርና ከሚከፈት መስኮት 10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስ አይቻልም። ጥፋቱም የአጫሹ ብቻ አይደለም፣ የፈቀደው ባለቤትም ይጠየቃል።

የጠባሴ ልጅ
ከዚያ በር 10 ሜትር ስትቆጥር የደሴ መንገድ አስፋልት መሐል ነህ።

አናጢው
በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በአይሱዙ መሐል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ? ለባለቤቱ ንገረው፣ ቅዳሜ የምንመጣው ቡና ለመጠጣት ብቻ ነው።