ቴዎዶሪክና ቴዎድሮስ "ያው ነው"?

ሄለን ዘፒያሳ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ "የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ማለት ያው ቴዎድሮስ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ" ተብሎ ተለጠፈ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ስሙ የጎቶች፣ የጥንቶቹ ጀርመናዊ ሕዝብ፣ ነው። "ቲውዳ" ሕዝብ፣ "ሪክስ" ገዢ። ግሪክ የት አለበት?

ቋረኛው፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ገና በ8 ዓመቱ ግድም መያዣ ሆኖ ቁስጥንጥንያ ተላከ፤ 10 ዓመት ያህል እዚያው ኖረ። በግሪክኛ "ቴዎስ" እግዚአብሔር ነው፤ በግሪክ ከተማ "ቴዎ" ሲባል ሰው ምን ይሰማል?

ሄለን ዘፒያሳ፦ ሲላክ ስም አልነበረውም? አባቱ ቴዎደሚር ነው። የልጅ ልጁ አታላሪክ። የፊቱን ከአባቱ ወሰደ፣ የኋላው ለልጅ ልጁ ተረፈ። የቤተሰቡ የስም አወጣጥ ነው። "ያው ነው" እንዴት ይባላል?

መምህር ነኝ፦ ሄለን ልክ ናት፤ ግን "ገዢ"ን ንጉሥ እንዳታደርጉት። የጎቶቹ ጳጳስ ዉልፊላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቶች ቋንቋ ሲመልስ ንጉሥን "ቲውዳንስ" ነው ያለው። "ሪክስ" ለአለቃ፣ ለሹም ነው። ቃሉም ከኬልቶች የመጣ ነው። የጎሉን (የዛሬዋ ፈረንሳይ) የኬልት መሪ ቬርሲንጄቶሪክስን አስታውሱ።

ቋረኛው፦ ይኸው! "የጎቶች ነው" ስትይ ነበር፤ ግማሹ የኬልት ሆነ።

ሄለን ዘፒያሳ፦ ቃሉን የተዋሱት ቴዎዶሪክ ሳይወለድ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው። ወሬ አታስቀይር።

ሮም ያለሁት፦ የቴዎዶሪክ ምስል ያለበትን የወርቅ ሜዳሊያ ፎቶ አይታችኋል? ጆሮውን የሸፈነ ጸጉር፣ ሪዝ፣ በእጁ ክንፍ ያላት የድል ምስል። ዙሪያውን በላቲን "ንጉሥ ቴዎደሪኩስ" ይላል። ትርጉሙ የሄለን ነው፤ "ቴዎ" ተብሎ መጻፉን ግን ግሪኩ ሳይነካው አልቀረም። ራቬና ያለውን መቃብሩንም እዩት። ጣሪያው 10 ሜትር ግድም የሚሰፋ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው።

ቋረኛው፦ ተመስገን፣ አንድ ሰው ተገኘ።

አቤል፦ የምን ስጦታ? እ.ኤ.አ. በ493 የጣሊያኑን ገዢ ኦዶአከርን ታርቆት ሲያበቃ ግብዣ ላይ በገዛ እጁ ገደለው። በዚያ ላይ አርዮሳዊ ነው። ከአጼ ቴዎድሮስ ጋር ስሙን አታነካኩ።

ቋረኛው፦ አቤል፣ ለአጼው እኔ እበልጥሃለሁ፣ የቋራ ልጅ ነኝ። ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲቀቡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም መርጠው ነው የያዙት። ስም ክብር አለው።

ሄለን ዘፒያሳ፦ እሳቸው መርጠው ያዙ። ቴዎዶሪክ ከዘሩ ወረሰ። ልዩነቱን ራስህ ተናገርከው።

መምህር ነኝ፦ ጀርመኖቹ ዲትሪሽ፣ ፈረንሳዮቹ ቲየሪ ያሉት እኮ ይህንኑ ስም ነው። ቴዎድሮስ ደግሞ ቴዎዶር ተብሎ ለብቻው አለ።

ቋረኛው፦ ልጥፉን አላነሳም።

ሄለን ዘፒያሳ፦ ልጥፉ ይቀመጥ። "ያው ነው" የምትለዋን ብቻ አንሳት።

ቋረኛው፦ እሷንም አላነሳም። ሮም ያለው ወንድማችን "ሳይነካው አልቀረም" ብሏል።

ሮም ያለሁት፦ አጻጻፉን ነው ያልኩት!