የቮልስ መኪና ማኅበራችን የተሰነጠቀ መሪ እድሳት የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቅ 2 (አስተያየት እስከ ዓርብ)

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 1 ላይ ያላችሁትን አስገብቼ እንደገና ጽፌዋለሁ። 14 መሪ። በነፍስ ወከፍ 3,500 ብር። ሁሉም በአንድ ባለሙያ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ማጣበቂያ። ለመስቀል ሰሞን ሰልፍ ይደርሳል። ተራ ቁጥር 4ን አስተውሉ፦ የመሪ ሽፋን ያደረገ መኪና ሰልፍ ውስጥ አይገባም። ሰው መስኮት ላይ ተለጥፎ የሚያየው መሪውን ነው። አምና ምን እንደተባልን ታውቃላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስከ ዛሬ የከፈለው 5 ሰው ነው። ስም አልጠራም። ለጊዜው።

ባለ 63ቷ፦ በስቱኮ ከሆነ እኔ የለሁበትም። የ63 ሞዴሌን መሪ ያኔ በስቱኮ ሞልተው፣ ቀብተው፣ አሳምረው ሰጡኝ። ዓመት ሳይሞላው ያው ክንዱ ሥር ተመልሶ ተከፈተ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለው ብረት ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ስንጥቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስንጥቁን በሴጌቶ ሰፋ አድርጎ እስከ ብረቱ መክፈት። ዝገቱን መፋቅ፣ በአልኮል ማጽዳት። ከዚያ ኤፖክሲ መሙላት፣ ያ ሁለት ክፍሉ ተለውሶ ሲደርቅ የሚጠነክረው ማጣበቂያ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከ80 ቁጥር ጀምሮ እስከ 400። ቀለም መጨረሻ ነው። ላዩን መለቅለቅ ብር መጣል ነው።

ቨርጂኒያ፦ ፒሲ 7 የሚባለው ኤፖክሲ እዚህ አሜሪካ ሞልቷል። ነሐሴ 15 አዲስ አበባ እገባለሁ። ለ14ቱም የሚበቃ ይዤ እመጣለሁ። ሒሳቡን ለኔ ተዉት።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። ወንድ ማለት ይኼ ነው።

የአባቷ ልጅ፦ ተራ ቁጥር 4 ይውጣ።

ጸሐፊ፦ ለምን?

የአባቷ ልጅ፦ የኔን ሽፋን እናቴ በኪሮሽ የሠራችው ነው። አባዬ እስከ ዕለተ ሞቱ በሱ ላይ ነው የነዳው። እሱን ፈትቼ ሰልፍ አልወጣም።

ነጯ፦ ኪሮሽ ሶፋ ላይ ያምራል። መሪ ላይ ሲሆን ግን ቮልሷ የሠርግ ቤት ትመስላለች።

የአባቷ ልጅ፦ አንተ መጀመሪያ ያንን የጭፈራ ቤት መብራትህን ንቀል። በ71 ሞዴል ላይ ሰማያዊ ኤልኢዲ የገጠመው የትኛው ፋብሪካ ነው?

ነጯ፦ መብራት ሌላ፣ መሪ ሌላ።

ባለ 1302፦ እኔም ሽፋን አለኝ። ጠጉራም ነው። የእሱስ ጉዳይ እንዴት ይታያል?

ነጯ፦ እሱማ በተራ ቁጥር 4 ሳይሆን በወንጀል ሕግ ነው መታየት ያለበት።

ጋሽ ቮልስ፦ ልጆች፣ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በቮልስ ነው። መሪው ሽፋን ነበረው አልነበረውም ብሎ የጠየቀ አለ? የለም። መኪናዋ ግን ታሪክ ሆነች።

ባለ 1302፦ ጋሼ፣ ይህን ለቀለሙ ክርክርም ነግረውን ነበር።

ጋሽ ቮልስ፦ ነግሬህስ መቼ ሰማህ?

ጸሐፊ፦ ወደ ኤፖክሲው እንመለስ። ባለሙያው ነሐሴ ብርድ ላይ 24 ሰዓት አይበቃውም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው እያለ ነው። ስለዚህ መሪዎቹ ቶሎ መነቀል አለባቸው። አንድ ናሙና እንጀምር። ማን ነው ፈቃደኛ?

ሰማያዊ 67፦ እኔ። ቅዳሜ እነቅለዋለሁ። 27 ቡሶላ ያለው?

ባለ 63ቷ፦ እኔ ጋ አለ። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ አውጣ፤ አለዚያ ክላክሱ ሰፈሩን ያስነሳብሃል። ጎማው ቀጥ ብሎ ይቁም። መሐሉን ክዳን ቀስ ብለህ ፈልቅቅ፣ የክላክሱን ሽቦ ንቀል። መሪውና ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግ። ዳዶውን ደግሞ ጨርሰህ እንዳታወጣው። ሁለት ሦስት ጥርስ ላይ አስቀርተው፣ ከዚያ መሪውን ግራ ቀኝ እያልክ ሳብ። እኔ የመጀመሪያዬን ጊዜ ዳዶውን አውጥቼ ስስበው አፍንጫዬ ላይ ነው ያረፈው።

ነጯ፦ ለዚህ ነው እንዴ እንደሱ የሆነው?

ሰማያዊ 67፦ ወጣ። ገንዘብ ያዥ ቤት በፌስታል አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ባለሙያው ከዚያ ይውሰደው። መኪናዋ ግቢ ቆማለች።

የአባቷ ልጅ፦ ተራ ቁጥር 4 እስካሁን አልወጣም። ካልወጣ ክፍያዬን መልሱልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ አንቺ እኮ አልከፈልሽም።

የአባቷ ልጅ፦ እንግዲያው አልከፍልም።

ነጯ፦ በቃ ድምፅ ይሰጥ። በአንድ ኪሮሽ 13 ሰው ይታገት?

ባለ 1302፦ 12። እኔም ከሷ ጋር ነኝ።

ጋሽ ቮልስ፦ ነጯ፣ አባትየውን እኔ አውቀዋለሁ። ይህ ማኅበር ሲመሠረት ጋራዡን የሰጠን እሱ ነው። እየተስተዋለ።

ጸሐፊ፦ ቨርጂኒያ፣ የበረራ ቀንህን ብታረጋግጥልን።

ነጯ፦ እኅቴ፣ ያን የሠርግ ቤት ያልኩትን አንስቻለሁ። አባትሽ መሆናቸውን አላወቅኩም ነበር።

የአባቷ ልጅ፦ እሺ። መብራቱንም አንሣው።

ጸሐፊ፦ ዛሬ ነሐሴ 17 ነው። ቨርጂኒያ?

ገንዘብ ያዥ፦ አንብቦታል። መልስ የለም። ሶማሌ ተራ ዞሬ ነበር። ኤፖክሲ ያሉኝ አንዱ የቧንቧ ማጣበቂያ ነው፣ ሌላው ዋጋው አይቀመስም። በ3,500 አይሆንም፣ ቁርጡን ንገሩኝ።

ባለ 63ቷ፦ የቧንቧ ማጣበቂያ የኔ መሪ ላይ አይነካም።

የአባቷ ልጅ፦ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ንዴቴ ሲበርድ ትናንት ማታ ሽፋኑን ፈታሁት። ዕድሜ ልኬን ሥሩን አይቼው አላውቅም። ክፈፉ ላይ አንድ ስንጥቅ የለም። ክሬም ቀለሙ እንዳለ ነው። የደበዘዘው ክሩ ያልሸፈናቸው ሁለቱ ክንዶች ብቻ ናቸው፣ እዚያ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ። አባዬ ሽፋኑን ያለበሰው በዕውቀት ይሁን በአጋጣሚ እንጃ፣ ፀሐይ አላገኘውም።

ባለ 63ቷ፦ ፎቶ።

የአባቷ ልጅ፦ ልኬያለሁ።

ባለ 63ቷ፦ አቤት። የኔ 63 አዲስ እያለች እንዲህ ነበረች ማለት ነው።

ባለ 1302፦ እኔም ጠጉሩን ገፈፍኩት። ሥሩ በላብ አጣብቋል እንጂ አልተሰነጠቀም።

ነጯ፦ ታዲያ ሽፋን የሚባለው ነገር ጠቃሚ ነው ማለት ነው?

ጸሐፊ፦ ላልተሰነጠቀ መሪ። የኛ ተሰንጥቆ አልቋል እኮ። ረቂቁ የተጻፈው ለሱ ነው።

ነጯ፦ አይ፣ እያሰብኩ ነው። መርካቶ ቆዳ የሚሰፋ ልጅ አውቃለሁ። በአንድ ዓይነት ቡናማ ቆዳ፣ 14ቱንም፣ የማኅበሩ ምልክት መሐሉ ላይ ተሰፍቶ። ለአንዱ 1,800 ብር። በሰልፍ ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንሆናለን። ስንጥቁም አይታይም።

ባለ 1302፦ ደገፍኩ።

ገንዘብ ያዥ፦ በ1,800 ከሆነ እኔም። የተረፈው ለካናቴራ ይሁን።

ባለ 63ቷ፦ ቆይ፣ ሽፋን ይከልከል ብሎ ሲከራከር የነበረው ነጯ አልነበረም እንዴ? ዝገቱ ውስጥ ተቀምጦ በላዩ ቆዳ ትሰፉበታላችሁ? እኔ ስሜ ይሰረዝ። የራሴን በራሴ እሠራለሁ።

ጋሽ ቮልስ፦ ካናቴራው ኮሌታ ይኑረው። እኔ ያለ ኮሌታ አልለብስም።

ነጯ፦ ጋሼ፣ ኮሌታ ዋጋውን ይጨምራል።

ጋሽ ቮልስ፦ ይጨምራ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3፦ ተራ ቁጥር 4 ተሰርዟል። በምትኩ፣ በሰልፉ ቀን የማኅበሩን የቆዳ ሽፋን ያላደረገ መኪና አይገባም።

የአባቷ ልጅ፦ የእናቴስ?

ጸሐፊ፦ የእናትሽ በልዩ ሁኔታ ይታያል።

ነጯ፦ ኮሌታ ላለው እጁን የሚያወጣ?

ሰማያዊ 67፦ ይቅርታ፣ የኔ መሪስ? ሁለት ሳምንት ሆነው። ባለሙያው አልወሰደውም አሉ። መኪናዋ ጎማዋ እየተነፈሰ ነው፣ ወደ ጥላ እንኳ ገፍቼ ላስገባት አልቻልኩም።

ገንዘብ ያዥ፦ ፌስታሉ አለ። ነገ ማታ ውሰደው።

ባለ 63ቷ፦ ስትመልሰው ምልክትህ ላይ ግጠመው። ካዛባኸው ፍሬቻህ በራሱ አይመለስም።

ሰማያዊ 67፦ የምን ምልክት?