የማህለር «የምድር ዘፈን» ሲምፎኒ ነው ወይስ ዘፈን?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ የአንድ የውጭ ኦርኬስትራ የዓመት መክፈቻ ኮንሰርት በስልኬ እያየሁ ነበር። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርቤም አልቻልኩም። የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የጉስታቭ ማህለር «የምድር ዘፈን» ነው። ስድስት ዘፈን፣ ሁለት ዘፋኝ። አራተኛው ላይ ኔትወርክ ሄደ! ለመሆኑ ይሄ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሙዚቃ) ነው ወይስ ዘፈን?

መልስ 1፦
ሁለቱም። ማህለር ራሱ ሲምፎኒ ብሎታል፣ እንደ ሌሎቹ ሲምፎኒዎቹ ቁጥር ግን አልሰጠውም። ግጥሞቹ የጥንት ቻይናዎች ናቸው፣ በጀርመንኛ ተመልሰው። 1911 ሙኒክ ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ እሱ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖታል። አልሰማውም፣ ያሳዝናል።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ ኔትወርኩ ክፉ ቦታ ላይ ነው የከዳህ። ስድስተኛው ዘፈን «ስንብት» የሚባለው ነው፤ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ «ለዘለዓለም» የምትለዋን ቃል እየደጋገመ ድምፁ ይሟሽሻል። ማንዶሊን (ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ) እንኳ አለበት። ያኔ ጆሮ ማዳመጫ አድርግ፣ በስልኩ ስፒከር አይሰማም።

ጠያቂ፦
አያቴ በሁዳዴ በገና ሲደረድሩ መጨረሻውን እንዲሁ ነበር የሚያሳንሱት። አለቀ ብለን ልንነሳ ስንል አንዷ አውታር ትነዝራለች። በሉ፣ ዛሬ መብራት ካልጠፋ ከአምስተኛው እቀጥላለሁ።